ደጅ የቆመው ምዕራፍ

የሞተ ጓደኛን ስም በስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎን መስማትን የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር የለም። በቅርቡ አሶሳ ላይ የደረሰብኝ ይኸው ነው። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ «የአካባቢ ማንነትና ዓለም አቀፍ ተጽዕኖ በዘመናችን ሥነ ጽሑፍ» ይላል። ከፊት ለተቀመጡት የታሸገ ውሃ ታድሏል፤ ከኋላ ላለነው ሙቀቱ። ከአዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ማዱራ ስለምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት አጫወቱን። የደሴቲቱ ሰዎች ጨው ያመርታሉ፣ በሬ ያሽቀዳድማሉ፣ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ግልፍተኞች ናቸው ተብለው ይታማሉ። ከጸሐፊዎቻቸው ብዙዎቹ የሚጽፉት እናታቸው ባባበለቻቸው ቋንቋ ሳይሆን ትምህርት ቤት በተማሩት ነው። ከዚያ ዶክተሩ ወደ እኛ ዞር አሉና «የእናንተው ደራሲ ረመዳንም እንደዚሁ ነው» አሉ። ልብ ወለዱን በአማርኛ ጻፈ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን በአገሬው በበርታ ቋንቋ፣ ያለ ትርጉም፣ ያለ ማብራሪያ ትቶልን ሄደ። «ይህ ምዕራፍ፣» አሉ ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ደራሲው ሆን ብሎ አንባቢ ፊት ያቆመው የዝምታ ግድግዳ ነው።»

እኔ ዕድሜዬን መጽሐፍ በማንበብና ስለ መጽሐፍ ከሰው ጋር በመጣላት የጨረስኩ ሰው ነኝ። አራት ገጽ ሙሉ ፊደል እንዴት ዝምታ እንደሚሆን ግን አልገባኝም። ጎረቤትህ በማታውቀው ቋንቋ ቢያወራ ዝም አለ ትላለህ? ይህንኑ ለመናገር እጄን ላነሳ ስል ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይጣሉ። ይልቅ ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

ዞር ብዬ ሳያት ሐዋ ናት፣ የረመዳን አንድ ልጅ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ሥራ ይዛለች፤ አነጋገሯን የሰማ ቦሌ የተወለደች ይላታል። ለሻይ ስንወጣ ነገሩን አስረዳችኝ። ዶክተሩ የአባቷን መጽሐፍ አዲስ አበባ የሚያሳትም ሰው አግኝተዋል፤ በእንግሊዝኛም ያስተረጉሙታል። አሳታሚው ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ አይፈልገውም። አንባቢን ያደናግራል ብሏል። ወራሿ እሷ ስለሆነች ይውጣ ወይም ይቆይ ብላ መልስ መስጠት አለባት።

«ምን ልበል ጋሼ? እኔ እኮ አንብቤው አላውቅም።»

«አባትሽ የጻፈውን?»

«ፊደሉ የላቲን ስለሆነ እየቆጠርኩ አነበዋለሁ። ቋንቋውን ግን አልችልም።»

ይህን ያለችው ዋና አልችልም እንደሚል ሰው ነው፤ ሳታፍር፣ ሳትኮራ። እኔ ግን ብርጭቆዬን ይዤ ፈቀቅ አልኩ። ከዚያ አዳራሽ ግቢ ውስጥ አንድ ማንጎ አለ፤ ጥላው ሥር ቆሜ ልቤ ወደ ሌላ አሶሳ ሸሸ።

እኛን ድርቅ ከወሎ ነቅሎ፣ መንግሥት በአውሮፕላን ሆድ አጭቆ እዚህ ሲያራግፈን እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ያረፍንበት መሬት የማን እንደነበር የጠየቀ የለም። ቁጥር የተሰጣቸው አምባዎች ተሠሩ፤ ሰው የሚኖርበትን አገር በቁጥር መጥራት የዚያ ዘመን ፈሊጥ ነበር። ከአምባችን ወንዙን ተሻግሮ የረመዳን መንደር ነበር፣ በቀርከሃ የታጠረ። መጀመሪያ የተገናኘነው በካልሲ ኳስ ነው። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ በርታ አላውቅ፤ «አቀብለኝ» የሚለውን እኔ በእሱ ቋንቋ፣ እሱ በእኔ ቋንቋ ስንጮህ ኳሷ በመሃል ወንዝ ትገባለች። ከቋንቋው እስካሁን የቀሩኝ የኳስ፣ የማንጎና የስድብ ቃላት ናቸው። በዚህ ስንቅ ልብ ወለድ አይነበብም።

የያኔዋ አሶሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ትነቃለች። ማንጎ በአሥር ሳንቲም እቅፍህን ይሞላል። ሲመሽ ሻጮቹ ተሸክሞ መመለሱን ጠልተው በነጻ ሊሰጡህ ይለምኑሃል፤ አንተ ደግሞ በማንጎ ወራት ማንጎ ማየት ስለማትፈልግ እንዳይሰጡህ ትለምናቸዋለህ። ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ በኩል ሳሙና፣ ስኳር፣ ጠርሙሱ አውራ ጣት የሚያክል ሽቶ፣ ወገባቸው ቀጭን የሆነ የሻይ ብርጭቆዎች ይመጣሉ። ዓለም አቀፍ ተጽዕኖ የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ በአህያ ተጭኖ ነበር የሚገባው። የበርታ ሴቶች የሱዳን ቶብ ተጠቅልለው ገበያውን ሲያቋርጡ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ አቧራውን ያስረሳል። የእኛ እናቶች ነጠላ ግን በቀዩ አፈር የሻይ ቀለም ይዞ ቀርቶ ነበር። እኛ ልጆቹ ፀሐይ ሲመታው የሚለሰልስና የሚሸት ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ረመዳን ጫማውን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከተማ ሊገባ ሲል ያጠልቀዋል። ከመስጊዱ ማዕዘን ላይ የነበረው ካሴት ቤት ማጉያውን በራፍ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ የካርቱምን ቫዮሊን ይለቅብናል። ባለቤቱን ለምን አማርኛ አታስሰማንም ስንለው «በርታ ሲገዛ የሱዳን፣ ሐበሻ ሲገዛ የአማርኛ፣ ሁሉም እጁን ኪሱ ከከተተ ዜና!» ይለን ነበር። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። አልተከፋሁም፤ ካሴትም ቢሆን ያኔ የሽማግሌዎችን ጨዋታ ገደለ እየተባለ ይረገም ነበር።

ካሴቱ ያልገደለውን ነገር ያየሁት ረመዳን አንድ የመኸር ሰሞን መንደሩ ሲወስደኝ ነው። ዙምባራ ይባላል። ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዳንዱ ከነፊው ይረዝማል። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ እያንዳንዱም ሰው አንድ መለከት። የራስህ ተራ ሲደርስ ያቺኑ አንዲት ድምፅ ትነፋና ዝም ትላለህ፤ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ክቡን ይዞራል። ስለዚህ ዜማውን ቤቱ ወስዶ ብቻውን ሊጫወተው የሚችል ፍጡር የለም። ከመጀመራቸው በፊት አለቃው ሰዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ የሚጠራቸውም በመታወቂያ ስማቸው ሳይሆን እናታቸው ባወጣችላቸው የቤት ስም ነው። የተጠራው አንዴ ነፍቶ ይመልሳል። የሌለ ሰው ሲጠራ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቁታል። ማንም በእሱ ፋንታ አይነፋም። ከሁሉ በመጨረሻ ዜማውን በሴቶቹ በኩል የምትቀበለዋ ትጠራለች፤ እሷ በድምፅዋ ካልመለሰች ጨዋታ የለም። ያን ቀን የመለሰችው ቀጭን፣ ረጅም ልጃገረድ ነበረች። ረመዳን ከዓመታት በኋላ አገባት። የሐዋ እናት ናት።

ረመዳንን ጸሐፊ ያደረገው ግን ዙምባራ አይደለም፤ ሳቅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ድርሰቱን እንዲያነብ መምህርቷ አስነሡት። ሴቲቱን «አንተ» ብሎ ጀመረ። የእሱ ቋንቋ እንደ አማርኛ ሴትና ወንድን በየግሱ ጭራ አይለይም መሰለኝ፤ ለክፍሉ ግን ከዚያ በላይ ቀልድ አልነበረም። ድርሰቱ ስለምን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ሳቁን ግን እኔ አስታውሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። ማታ ማታ ይጽፍ ጀመር። ለምን ብዬ ስጠይቀው «መጻፍ ይሻላል። ሰው ሳይስቅ በፊት አንተ ታጠፋዋለህ» አለኝ። የምሁራኑን ጥናት ሳነብ፣ የትኛው የውጭ ሞገድ የትኛውን የጠረፍ ጸሐፊ እንደመታው ሲከራከሩ፣ እስቃለሁ። የመታውን ሞገድ አውቀዋለሁ። ቁምጣ የለበስን የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነበርን።

ልብ ወለዱን ሲጨርስ አብረን አዲስ አበባ ይዘነው ሄድን። አሳታሚው ጠረጴዛው ላይ መስታወት ያነጠፈ ሰው ነበር።

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ማነው?» አለው።

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ዙምባራ ዋና የለውም ጌታዬ። አንድ ሰው አንድ ምዕራፍ ነው ያለው።»

«አንባቢ የሚከተለው ሰው ይፈልጋል።»

«ይከተል። ማን ከለከለ? ሁሉንም ይከተል።»

ሰውየው ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ወይ ተርጉመው ወይ አውጣው አለ። ረመዳን ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ። «እኛ ስንት መጽሐፍ ደጅ ላይ ቆመን ነበር። አማርኛ አንባቢ አንድ ምዕራፍ ደጅ ቢቆም ምን ይሆናል?» በሩን ከፍቶ ወጣ። መጽሐፉ በመጨረሻ አሶሳ፣ የሠርግ ጥሪ በሚያትም ቤት ታተመ። ሽፋኑ በሁለተኛው ክረምት ደበዘዘ። አንድ ጋዜጣ ብቻ ጻፈለት፤ ጋዜጠኛው ይህን የብዙ ድምፅ አጻጻፍ ከየትኛው የውጭ ደራሲ ተማርከው ብሎት «ከአጎቴ» ብሎ መለሰለት። ቀልደኛ ነው ተብሎ ታተመ። ምዕራፉ ምን እንደሚል እኔም ጠይቄው ነበር። «መንደር ሂድና አስነብበው» ነው ያለኝ።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልናገር። ያ ሰው፣ ለቋንቋው ሲል አሳታሚን ጥሎ የወጣው ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ልጁን በአማርኛ ነበር የሚያናግራት። ሐዋ ገና ዳዴ ስትል ሚስቱ ሞተችበት። ከመንደር ወደ ከተማ ገባ፣ ማስተማር ያዘ፣ ልጅቷን ለብቻው አሳደገ። ማታ ቤቱ ስሄድ የምሰማው ይህንን ነው።

«ሐዋ፣ ውሃ አምጣ!»

«አምጪ በል አባ!»

«አምጪ።»

«ለጋሼም ስጪ በል!»

«ለጋሼም ስጪ። አየኸው? መምህር አላት ቤቴ!»

እሱ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል፤ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ነበር የሚያየኝ። አንድ ቀን፣ መቃወም ልማዴ ነውና፣ ለምን በራስህ ቋንቋ አታናግራትም አልኩት።

«አንተ ክፍል ውስጥ ተስቆብህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲህ ዝም በል።» አዘነልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «በርታውን በኋላ ትማራለች። መንደሩ እዚያ ነው፣ ሽማግሌው እዚያ ነው። የት ይሄዳል?»

የት ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። ወጣቶቹ ከፊሉ ወርቅ ፍለጋ፣ ከፊሉ ለግድቡ ሥራ ጉባ ወረዱ፤ ክፉው ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፣ እኛም የአምባ ልጆች ጭምር። ረመዳን ራሱ ቀድሞ ሄደ። ጉበቱ ነው አሉ። ሲቀበር ሐዋ የመልቀቂያ ፈተና ላይ ነበረች፤ ጥሩ ውጤት አመጣች።

በማግስቱ ሐዋንና እኔን ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወሰደን፤ የቀረውን በእግራችን ገባን። በመንገድ ላይ ዶክተሩ ደወሉላት። ስልኩን ስትዘጋ «ምዕራፉን ቋንቋውን ለሚያውቅ አንድ ሰው አሳይተው ነበር፤ የስም ዝርዝር ብቻ ይመስላል ተብለዋል» አለችኝ። «ስም ብቻ ከሆነማ ጋሼ፣ ቢቀር ማን ይጎዳል? መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይወጣል። አባ ይህን ቢያይ ደስ አይለውም ነበር?» ደስ ይለው ነበር። በሚያስጠላ ሁኔታ ደስ ይለው ነበር።

የረመዳን ታላቅ እህት አሻ ከቀርከሃው አጥር ወጥተው ተቀበሉን። ሐዋን አገላብጠው ሳሟት። «መጣህ ልጄ? ረዘምክ! አባትህን መሰልክ፣ ወላሂ!» እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ዓይተው «አንተ የአምባው ልጅ፣ አሁንም በሕይወት አለህ? ሆድ አወጣህ» አሉኝ። ቀዝቃዛ ካርካዴ፣ ያ ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በብርጭቆ ቀረበልን። ከጥላው ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከድሮዎቹ ነፊዎች የቀሩት እነሱ ናቸው። ሐዋ የመጣችበትን ጉዳይ ነገረቻቸው፤ አባቴ የጻፈውን ላንብብላችሁ፣ እናንተ ትርጉሙን ንገሩኝ አለች።

ፊደሉን በእንግሊዝኛ ለዛ እየጎተተች የመጀመሪያውን መስመር ስታነብ አሻ አፋቸውን በቶባቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ሳቅ አላለም። ጀርባውን ቀና አደረገና ጉንጩን ነፍቶ፣ በአፉ ብቻ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ አወጣ። ሐዋ ደንግጣ ቀና አለች።

«ጠራኸኝ አይደል?» አላት ሽማግሌው። «ቀጥል።»

ያኔ ገባኝ። ዶክተሩ ዝምታ ያሉት፣ የጠየቁት ሰው ዝርዝር ያለው፣ የዙምባራው ጥሪ ነበር። ረመዳን ሁሉንም በየቤት ስማቸው፣ በየተራቸው ጽፎአቸዋል። ለሐዋ ሥርዓቱን ነገርኳት፤ የሌለ ሰው ሲመጣ አንድ ትንፋሽ ጠብቂ፣ ከዚያ እለፊ አልኳት። ቀጠለች። ሁለተኛው ሽማግሌ ተነሥቶ ጎጆው ገባና መለከቱን ይዞ ወጣ፤ ቅሉ ተሰንጥቆ በጎማ ላስቲክ ታስሯል። ነፋው፤ ድምፁ ከስንጥቁ በኩል እየፈሰሰም ቢሆን ደረሰ። ከዚያ የሚቀጥለው ስም ተጠራ፣ ማንም አልመለሰም። ሐዋ ጠበቀች። «ሞተ» አሉ አሻ። የሚቀጥለው። «ኩርሙክ ማዶ ነው፣ ጦርነት አለ፣ አናውቅም።» የሚቀጥለው። «ወርቅ ብሎ ሄደ፣ ኸላስ፣ በዚያው ቀረ።» የሚቀጥለው። አሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመካከሉ ሦስተኛው ሽማግሌም ስሙ ሲጠራ በአፉ ነፍቶ መለሰ፤ ጥሪው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሆነ። ወደ መጨረሻው ግድም አንድ ስም ስትጠራ ሦስቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «አባትህ» አሉ አሻ። ሐዋ ያን ትንፋሽ ከሌሎቹ አስረዘመችው። አላጣደፍናትም።

አንድ ስም ቀርቷል። እዚህ አልጽፈውም፤ የተጻፈው ለእኔ አይደለም፣ ለአንተም አይደለም። ሐዋ ጠራችው። ማንም አልመለሰም። ሥርዓቱን ጠብቃ አንድ ትንፋሽ ቆየችና መጽሐፉን ከደነችው። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ የሟች ቤተሰብ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በትሕትና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«አክስቴ፣ ይቺ የመጨረሻዋስ? ሴት ናት አይደል? እሷም ሞተች?»

ሽማግሌዎቹ አሻን ያያሉ፤ አሻ እኔን ያያሉ። በዚህ የኳስ ቋንቋዬ እኔ ምን ላውቅ።

«እናትህ ያወጣችው ስም ነው» አሉ አሻ። «አንተ ነህ ልጄ። አንተ ነህ።»

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ፣ ዶክተሩ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጮሆ ጮሆ አቆመ። ባለ ስንጥቁ ሽማግሌ መለከቱን ከጉልበቱ አንሥቶ ወደ አፉ አስጠጋ፤ ሴቲቱ ከመለሰች በኋላ የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነበርና። አሻ መልሱን፣ ያን ሴቶቹ የሚቀበሉበትን አጭር ዜማ፣ በሹክሹክታ ሊነግሯት ጎንበስ አሉ። ሐዋ ከንፈሯን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ምላሷ እንዴት እንደሚጀምረው አያውቅም።

መጽሐፉን እንደገና ከፈተች። ገጹን አገኘችው፣ ጣቷን ከስሙ ሥር አደረገች፣ ቀስ ብላ፣ በዚያው በተጎተተው አነባበቧ፣ ጠራችው። ሽማግሌው መለከቱን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። አሻ ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። ከአንድ ትንፋሽ አለፈ፣ ከሁለትም አለፈ፣ ማንም ግን እንለፍ አላለም።